ዘይነባ የነገረችኝ ፊልም

ከድሬዳዋ የወጣሁ ዕለት ምሽት ሙቀቱ ገና አልበረደም ነበር። ሻንጣዬ በር ላይ ቆሟል፤ ጎረቤቱ ሁሉ ግቢው ውስጥ ነው። ግማሹ ይመርቀኛል፤ ግማሹ ደግሞ አሜሪካ አንድ ሰፈር ይመስል የዘመዱን ስም እየነገረ «ስታገኚው ሰላም በይልኝ» ይለኛል። ዘይነባ ግን አልመረቀችኝም፣ አላለቀሰችም። የልጅነት ጓደኛዬ ናት። ከመጋላ ሰፈር በባጃጅ መጥታ በወረቀት የተጠቀለለ ሀልዋ እጄ ላይ አስቀመጠችና፣ «አስኩ፣ እዚያ ጥሩ ፊልም ካየሽ ደውለሽ ንገሪኝ። እስከ ዛሬ እኔ ነገርኩሽ፤ ከእንግዲህ ተራው ያንቺ ነው» አለችኝ። አቅፌያት ወጣሁ።

አውሮፕላኑ ውስጥ ከየወንበሩ ጀርባ ትንሽ ቴሌቪዥን ተሰክቷል። አጠገቤ የተቀመጠው ጎረምሳ የራሱን ፊልም ያያል፣ ከእሱ ወዲያ ያለችው ሴት የራሷን። አንዱ ሲስቅ ሌላው አይስቅም። ጎረምሳውን ነካ አድርጌ፣ «ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ ለምንድን ነው የሚሮጠው?» ብለው ጆሮው ላይ የሰካውን አውልቆ «ምን አሉኝ እማማ?» አለኝ። ደግሜ ስጠይቀው «እኔም እንጃ» ብሎ መልሶ ሰካው። አገር መልቀቄ የገባኝ ያኔ ነው። ድሬ ሲኒማ ቤት እንዲህ ዓይነት መልስ የሰጠ ሰው በወንበሩ አይቀመጥም ነበር።

ሎስ አንጀለስ ስደርስ ሻንጣዬን የፈተሸው ሰውዬ ሀልዋውን አወጣና በሁለት ጣቱ ይዞ አገላበጠው። በስልክ አስተርጓሚ አገናኙን።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ሀልዋ ነው።»

«ለምን ያገለግላል?»

«ይበላላ።»

«ሥጋ አለበት?»

«ሥጋ ያለበት ጣፋጭ አይተህ ታውቃለህ? ቅመሰውና እወቀው።»

አስተርጓሚው ምን ብሎ እንደነገረው አላውቅም። ሰውዬው አልቀመሰም። እንደ እባብ አርቆ ይዞ ሻንጣዬ ውስጥ መለሰና «ዌልካም» አለኝ። ሳይቀምሱ መጠርጠር እዚህም አለ ብዬ ገባሁ።

ልጄ ሰናይት ሚድ ዊልሻየር የሚባል ሰፈር ትኖራለች። አረጋውያን በመንከባከብ ሥራ ላይ ናት፤ ጠዋት ወጥታ ማታ ነው የምትመለሰው። የልጅ ልጄ ሜሮን እዚሁ የተወለደች ናት፣ ኮሌጅ ትማራለች። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አገሩ አልከፋኝም። ፀሐዩ የድሬ ፀሐይ ታናሽ ወንድም ነው፤ ያሞቃል እንጂ አይማታም። ዘንባባም አለ። ብቻ የዚህ አገር ዘንባባ ለቁመቱ ነው የሚኖረው፣ ጥላ አይሰጥም። ሳምቡሳ ደግሞ እንደ ትልቅ ነገር በሳህን ይቀርባል፤ ስትነክሱት ቃሪያውን ረስተውታል።

የሕንፃው አስተዳዳሪ ግን አስቸግሮኝ ነበር። አመሻሽ ላይ ደረጃው ላይ መቀመጤ አልጣመውም። ሜሮን መሃላችን ቆማ ታስተረጉማለች።

«ለምን እዚህ ይቀመጣሉ?»

«ነፋስ ለመቀበል።»

«ቤትዎ ውስጥ ኤሲ አለ።»

«ኤሲ ወሬ አያወራም።»

ሰውዬው ራሱን ነቅንቆ ሄደ። ሰናይት ይህን ስትሰማ፣ «እማዬ፣ ወሬ ከፈለግሽስ እሁድ ፌርፋክስ እወስድሻለሁ» አለችኝ።

ፌርፋክስ መንገድ ላይ የጽጌ ሱቅ አለ። በርበሬና ቅመም ትሸጣለች። ከሱቁ ጀርባ ሰፋ ያለ ክፍል አላት፤ እሁድ ከሰዓት በኋላ የኛ አገር ትልልቅ ሰዎች ተሰብስበው ፊልም ያያሉ፣ ሲያልቅ አስተያየት ይሰጣሉ። ደስ አለኝ። ሁሉም አንድ ፊልም ነው የሚያየው፤ አንዱ ሲስቅ ሌላውም ይስቃል።

ግን አንድ ነገር አየሁ። ፊልሙን ሁልጊዜ የሚመርጠው ጋሽ ታደለ ነው። ጋሽ ታደለ ዕድሜውን ሙሉ እዚህ ከተማ ታክሲ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ሽበቱ የሚያምር የአዲስ አበባ ሰው ነው። ትልቁን ቴሌቪዥን ያመጣው እሱ ነው። ገና ሰው ሲቀመጥ ሁሉም «ጋሼ ይምረጡልን» ይላል፤ እሱም «ኧረ እናንተ» ይላል፤ ከዚያ ራሱ ይመርጣል። አስተያየት ሲባልም እሱ ይጀምራል፣ ሌላው «ጋሼ እንዳሉት» ይላል። የሱቁ ባለቤት ጽጌ ደግሞ ሻይና ቆሎ እያመላለሰች የአንድም ፊልም መጨረሻ አይታ አታውቅም።

ጋሽ ታደለ የሚመርጠው ስለ ዘፋኝና ስለ ኦርኬስትራ የተሠራ ዘጋቢ ፊልም ነው። አልጠላሁትም። የድሮ ሰው በሱፍ ልብስ ሆኖ ትራምፔት ሲነፋ ማየት ማን ይጠላል? የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ዘፋኙ አፉን ሲከፍት ገና ሁለት ስንኝ ሳይል አንድ መነጽር ያደረገ ሰው ይመጣና ዘፈኑ ጥሩ እንደሆነ ያስረዳናል። ጥሩ ከሆነ ለምን አያስጨርሰውም? ድሬ ሠርግ ላይ ዘፋኝ አቋርጦ እንዲህ የሚያስረዳ ቢነሳ በሳምቡሳ ነበር የሚወገረው። ይህን ስናገር ክፍሉ ውስጥ ማንም አልመለሰልኝም፤ ጋሼ ገና አስተያየት አልሰጡማ።

አንድ እሁድ አላስቻለኝም።

«ጋሽ ታደለ፣ ሁልጊዜ አንተ ብቻ የምትመርጠው ለምንድን ነው?» አልኩት።

ቆሎ የሚቆረጥመው ሁሉ ቀና ብሎ አየኝ። ያስደነገጣቸው ከጥያቄዬ ይልቅ «አንተ» ማለቴ ነው። እኛ ድሬ አንቱታ አናውቅም፤ ሼኩንም ቄሱንም አንተ ብለን ነው ያደግነው፣ ፍቅራችን ነው። እነሱ ደግሞ የመሀል አገር ሰዎች ናቸው።

«እትዬ አስካለ፣ እኔ እኮ አልከለከልኩም» አለ በትሕትና። «ይምረጡልን ስለሚሉኝ ነው። ቴሌቪዥኑም ቢሆን…»

«ቴሌቪዥኑ ያንተ ነው፣ ዓይኑ ግን የኛ ነው። ተራ በተራ ይሁን። ጽጌም ትምረጥ፣ እኔም ልምረጥ።»

«እርስዎ ምን ይመርጣሉ?»

«የሕንድ ፊልም።»

ሳቁ። «ከዛፍ ዛፍ መሯሯጥ ነው እኮ» አለ አንዱ ከኋላ።

«ይሄም ሳይቀምስ ይፈርዳል» አልኩ።

ጋሽ ታደለ ሳቁን ዋጥ አድርጎ፣ «እሺ፣ በሚቀጥለው እሁድ የእርስዎን እናያለን። ፊልሙ ሰውን ከያዘ ተራ በተራ ይሆናል። ካልያዘ ግን እንደ ድሮው ይቀጥላል» አለ። ጽጌ የሻይ ትሪውን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች። እሺ አልኩ። ምን አስፈራኝ? ፊልሜን አውቀዋለሁ።

አሁን ስለ ፊልሙ ልንገራችሁ። ስሙን አናውቅም ነበር፤ እኛ «ባለ እንስራዋ» ነበር የምንለው። ድሬ ያደገ ሰው ያስታውሳል፤ የሕንድ ፊልም ሲመጣ አዳራሹ ጢም ይላል፣ ሕንድኛ የሚሰማ ግን የለም። ስለዚህ የሚያውቅ ሰው አጠገቡ ላሉት ይነግራል። ለኛ የምትነግረን ዘይነባ ናት። አባቷ ከዚራ በሚባለው ሰፈር አንድ የሕንድ ጨርቅ ነጋዴ ሱቅ ውስጥ ይሠራ ስለነበር ሕንድኛ ታውቃለች ተብሎ የታመነ ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። እናቷ የሞተችባት ልጅ እንጀራ እናቷ ዘንድ እንስራ ተሸክማ ታድጋለች። የእንጀራ እናቷ ልጅ ሐር ለብሳ ትቀመጣለች። መጨረሻ ላይ ነጭ የለበሰ መነጽራም ሽማግሌ ይመጣና ይናገራል፤ እንጀራ እናቲቱ ታለቅሳለች። ዘይነባ ጆሮዬ ላይ፣ «ዳኛው ነው። ቤቱ እኩል ለሁለት ይካፈል ብሎ ፈረደ» አለችኝ። ልጅቷ እንስራዋን ወንዙ ዳር ታስቀምጣለች፤ ዝናብ ይዘንባል፤ እየዘፈነች ትሄዳለች። «ድርሻዋን ልትረከብ ነው» አለችኝ።

እኔ ያኔ አጎቴ ቤት ነበርኩ። አባቴ ሲሞት ትቶት የሄደውን ሁለት ክፍል አጎቴ ያከራየዋል፣ እኔ ከቦኖ ውሃ እቀዳለሁ። ትምህርቴንም ከአምስተኛ ክፍል ያቋረጥኩት ለዚያው ነው። ያን ፊልም ባየሁ በሳምንቱ የሰፈር ሽማግሌዎች ፊት ቆምኩ። «ያቺ ልጅ ያገኘችውን እኔ ለምን አጣለሁ?» አልኩ። የትኛዋ ልጅ ቢሉኝ የፊልሟን ነገርኳቸው። ሳቁ፤ ስቀው ሲያበቁ ግን አንዱ ክፍል ይሰጣት አሉ። ሰናይትን የወለድኩት እዚያች ክፍል ውስጥ ነው። እንግዲህ ለኔ ፊልም የሚባለው ይሄ ነው።

ሜሮን ፊልሙን አገኘችልኝ። ዜማውን አንጎራጎርኩላት፤ ሕንዳዊት ለሆነች የክፍል ጓደኛዋ እናት በስልክ አሰማቻት፤ ሴትየዋ ሳትጨርሰው አወቀችው። እሁድ ሜሮንን ይዤ ሄድኩ። ሥር ሥሩ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አለው፤ እሷ በአማርኛ ልታነብልን ነው። እኔ ደግሞ ታሪኩን ጓደኛዬ ዘይነባ እንደነገረችኝ አድርጌ አስቀድሜ ለሁሉም ነግሬያለሁ፤ ልማዳችን ነው።

እስከ መሃሉ ደህና ሄደ። ሰዎቹ ዝም ብለው ያያሉ። ጽጌን «ሻዩ ይቆይ» ብዬ አጠገቤ አስቀምጫታለሁ። መነጽራሙ ሽማግሌ ሲገባ ደስ ብሎኝ፣ «ይኸው፣ ዳኛው መጣ» አልኩ።

«አያቴ» አለች ሜሮን ቀስ ብላ። «ዳኛ አይደለም። ዶክተር ነው።»

«ዶክተር እዚህ ምን ሊሠራ ይመጣል?»

«እንጀራ እናትየው ሲክ ናት፣ ታማለች። አትድኚም እያላት ነው።»

«ስለ ቤቱስ?»

«ስለ ቤት ምንም አላለም።»

ኋላ የነበረው ሰውዬ ሳቀ። ልጅቷ እንስራዋን አስቀመጠች፣ ዝናቡ ጀመረ፣ ያ የማውቀው ዘፈን መጣ። ሜሮን ማንበቧን ተወች። እንዳትነግረኝ ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ሰውዬውን ሳይቀምስ ፈረደ ያልኩ ሴት፣ ስቀምስ መረረኝ ብዬ ልተፋ?

«አንብቢ» አልኳት።

«ኦኬ። ሶ፣ ሁሉንም ለእህቴ ትቻለሁ ትላለች። ይቅር ብያችኋለሁ፣ ምንም አልወስድም።»

«ድርሻዋስ?»

«የላትም፣ አያቴ። ባዶ እጇን ነው የሄደችው።»

መብራት ሲበራ ተነሳሁ። «ጋሽ ታደለ፣ የነገርኳችሁ ይሄን ፊልም አይደለም። ተሸንፌያለሁ። እንደ ድሮው ምረጥ» አልኩት።

ጋሽ ታደለ አልሰማኝም። ቴሌቪዥኑ ላይ አፍጥጧል።

«ምን ማለት ነው ምንም አልወስድም? ዕድሜዋን ሙሉ ውሃ ተሸክማ?»

«ይቅርታ ትልቅ ነገር ነው ጋሼ» አለ ኋላ ያለው ሰውዬ።

«ይቅርታ ድርሻን ተቀብሎ ነው። ሳይከፍሉህ ምን ብለህ ነው ይቅር የምትለው?»

ከዚያ ማን ያቁማቸው። እንደዚያ ቀን ሲነታረኩ አይቻቸው አላውቅም። «ጋሼ እንዳሉት» የሚል ጠፋ። ጽጌ ራሷ፣ «እኔ ብሆን እንስራውን ጭንቅላታቸው ላይ ነበር የምሰብረው» አለችና ሁሉም ዞረው አዩአት። ሜሮን እንኳ ጠረጴዛ መታች። ሱቁ የሚዘጋበት ሰዓት አለፈ። ሲወጡ ጋሽ ታደለ ኮፍያውን አድርጎ ወደ እኔ መጣ።

«ፊልሙን የሠራው ሰውዬ ነው የተሳሳተው። ያቺ ጓደኛሽ ናት ልክ የፈረደችው» አለ። ደግሞ «አንቺ» ብሎኛል፤ አስተውሎት ይሁን ሳያስተውለው እንጃ። «ፊልሙ ሰው ይዟል። ተራ በተራ ይሁን። ቀጣዩ የማን ነው?»

«የጽጌ» አልኩ።

ጽጌ የመረጠችው ስለ ሠርግ ዘፋኝ ሴቶች የተሠራ ዘጋቢ ፊልም ነው። አስረጂው ሲመጣ እናሳልፈዋለን ብላ ቃል አስገብታናለች። ይሄ ደግሞ ለአስረጂው ፍትሐዊ አይደለም አልኳት፤ ዘፈኑ ካለቀ በኋላ ተመልሰን እንሰማዋለን ተባብለን ታረቅን።

ሰኞ ጠዋት፣ ድሬ ሲመሽ፣ ለዘይነባ በቪዲዮ ደወልኩላት። በረንዳዋ ላይ ተቀምጣ ራሷን በማራገቢያ ታራግባለች።

«ባለ እንስራዋን አየሁ» አልኳት።

«አቦ፣ አገኘሽው? ዘፈኑስ አለ?»

«አለ። ዳኛው ዶክተር ነው።»

ማራገቢያው ቆመ።

«ማን አለ?»

«የልጅ ልጄ አነበበችው።»

«ይሄ ማንበብ የሚሉት ነገር ስንቱን ቤት አፈረሰ» አለች።

«ዘይነባ፣ ሕንድኛ ታውቂ ነበር?»

«ዋጋ መጠየቅ አውቅ ነበር። አልረክስ ካለ መሳደብም አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዳኛ አደረግሽው?»

ማራገቢያውን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ከኋላዋ የባጃጅ ድምፅ ይሰማኛል፣ ልጆች ይጮኻሉ።

«ሰውዬው ምን እንዳለ አላወቅኩም። ሴትየዋ ስታለቅስ ግን ሞት መሆኑ ያስታውቃል። ለምን እንደምታለቅስ ልነግርሽ ዞር ስል እንስራዋን እያየሽ ነበር። ያቺ ልጅ ባዶ እጇን ከሄደች አንቺም ባዶ እጅሽን አጎትሽ ቤት ልትገቢ ነው። ስለዚህ ፈረድኩልሽ። ሽማግሌ ፊት ትሄጃለሽ ብዬ ግን አላሰብኩም፤ የሄድሽ ቀን እኔ ነበርኩ የምንቀጠቀጠው።»

ብዙ ነገር ልላት ፈለግሁ። እኔና እሷ ግን እንደዚያ አንነጋገርም።

«ውሸታም» አልኳት።

«ክፍልሽ ግን እውነተኛ ናት። ትናንት አልፌ አየኋት፤ ተከራዮችሽ ሰማያዊ ቀብተዋታል።»

ልሰናበታት ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ።

«ዘይነባ፣ የዚያኛው ፊልም ዓይነ ስውር ዘፋኝስ? ያ በባቡር የሚሄደው። መጨረሻ ላይ ዓይኑ በራለት፣ እናቱንም አገኛት ብለሽኛል።»

«ሄሎ? አስኩ? አትሰሚኝም? ኔትወርኩ ተበላሸ መሰለኝ። ሄሎ?»

ምስሏ አልቆመም። ሻርፗን አፏ ላይ ጥብቅ አድርጋ ይዛ ትከሻዋ በሳቅ ይንቀጠቀጣል።

ሜሮን ያንንም ፊልም ልፈልግልሽ ወይ ትለኛለች። እስካሁን እሺ አላልኳትም፣ እምቢም አላልኳትም። ተራዬ እስኪደርስ አስብበታለሁ።