አግራፌና ለቁም ሰው ያወጣችው ሙሾ

በሩቅ ሰሜን፣ በሜዜን ወንዝ ዳር ባለች መንደር ሰው ሲሞት ሙሾ የምታወጣው አግራፌና ናት። ከከተማ የመጣችው ኢና የባልቴቶችን የሕይወት ታሪክ በቴፕ ልትቀርጽ እሷ ቤት ሦስት ቀን ሰነበተች፤ በማግስቱ በጀልባ ልትመለስ ነው። የተቀረጸው ሁሉ ግን የፊም የሚባለው የአግራፌና ባል ታሪክ ሆነ። «ስለ ራስዎ ይንገሩኝ» በተባለች ቁጥር አግራፌና የፊም እንዴት እንደዘመተ፣ የፊም እንዴት ቤት እንደሠራ ትናገራለች፤ እሱም ከምድጃው አጠገብ ሆኖ ዓመቱን ስትስት ያርማታል።

ያን ከሰዓት ጉሙ ከወንዙ ጋር ተቀላቅሎ ቤቱ ውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ይመስል ነበር። አግራፌና ሹራብ መሥራቷን ተወች።

«በወሬ አይወጣልኝም፣ ልጄ» አለች። «በሙሾ ቢሆን ይወጣልኝ ነበር።»

በዚያ መንደር ሴት ስለ ራሷ በሰው ፊት የምትናገረው ስትዳርና ሬሳ ፊት ስትቆም ነው፤ ያን ጊዜ ማንም አያቋርጣትም። ኢና እንግዲያው በሙሾ ይሁን ብትላት፣ ሬሳ በሌለበት ማልቀስ ሞትን መጥራት ነው አለቻት።

የፊም ተነሥቶ ረጅሙ አግዳሚ ወንበር ላይ ተጋደመ። ራሱን ወደ ሥዕለ አድኅኖው አድርጎ እጁን ደረቱ ላይ አጣመረ።

«በይ፣ ሬሳሽ ይኸውልሽ። ሞት እንደሆነ ድሮም ቤቴን አይስተውም።»

«ተነሥ፣ አንተ ሟርተኛ ሽማግሌ።»

«ሙት ይነሣል እንዴ?»

አግራፌና ቆመች። ሻሿን ወደ ግንባሯ ሳብ አድርጋ ጉንጯን በመዳፏ ደገፈች። እንደ ወጉ በሟቹ ጀመረች፤ ጥቂት ቆይታ ግን ዜማው ወደ ሌላ ውኃ ይዟት ወረደ። ወንዶቹ ሁሉ ዘምተው ነበር፤ ተቆርጠው የታሰሩትን ግንዶች እንደ ታንኳ በወንዙ ወደ ባሕር የምትነዳው የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ እሷ ነበረች።

«ውኃው መንገድ ሆነኝ፣ ግንዱ ፈረሴ፣
ማንም ሳይጠይቀኝ ደረስኩ በራሴ።»

ከግንዶቹ መሐል ሾልካ ውኃ ውስጥ የቀረችውን ጓደኛዋን ጠራች። ከወንዙ አፍ ያየችውን ባሕር፣ እዚያ ለመቅረት መመኘቷንም አዜመች። ከዚያ ስለ ሕፃኗ አለቀሰች፤ የፊም ጫካ ግንድ ሊቆርጥ ወርዶ ሳለ ተወልዳ በሦስተኛው ቀን ስለሞተችው። ሲመለስ ሁሉም አልቆ ነበር፤ እሱ አልጠየቀም፣ እሷም አልነገረችውም።

እዚህ ላይ ዜማዋን ገታች። የፊምን ስታየው ዓይኑ እንደተጨፈነ እንባው ወደ ጆሮው ወርዷል።

«በቃ፣ ተነሥ» አለችው።

«ገና አልተቀበርኩም» አለ ዓይኑን ሳይገልጥ። «ቀጥይ። ለልጃችን ማን ብለሽ ስም አወጣሽላት?»

አግራፌና ጉንጯን መልሳ ደገፈች፤ ስሟንም በዜማ ነገረችው።