ከአሻንጉሊት አውሮፕላን ሞተር የተሠራው ጄኔሬተር

ሬዲዮ ጠጋኙ ከታላቅ እህቱ ጋር አንዲት ክፍል ውስጥ ይኖር ነበር። ሳንባዋ ስለደከመ የምትተነፍሰው በኦክስጅን ማሽን ነው። መብራት በሄደ ቁጥር ማሽኑ ቀጥ ሲል የእሷም ከንፈር ይጠቁራል።

ጄኔሬተር ለመግዛት አቅም ስላልነበረው ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ በነዳጅ የሚሠራ የአሻንጉሊት አውሮፕላን ሞተር አመጣ። ሞተሯ ከቡጢ አትበልጥም። ከተበላሸ ፕሪንተር የፈታውን፣ ሲሽከረከር ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ሌላ ሞተር በቀበቶ አያይዞ እንድታሽከረክረው አደረጋት። በሦስተኛው ሳምንት ሞተሯ እንደ ተርብ ጮኸች፤ ትንሽ አምፖልም በራ።

እህቱ ሳቀች። «ወንድምዓለም፣ ጉንዳን ጋሪ ትጎትታለች ብለህ ነው?»

«ቀስ እያለች ባትሪ ትሞላለች፣ እትዬ» አላት። እንደማይበቃ እሱም ያውቃል፤ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ ግን አልሆነለትም።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ መብራት ሄደ። በሞተሯ የተሞላው ባትሪ ማሽኑን ያስኬደው ስድስት ደቂቃ ብቻ ነበር። ሞተሯን አስነስቶ ነዳጅ ቢጨምርባት ቀበቶው ተበጠሰ። ሊቀጥለው ሲታገል እህቱ «ተወው በቃ፣ ና እጄን ያዘኝ» አለችው። ያዛት። አምቡላንስ ሊጠራ የሮጠው ጎረቤት ሲመለስ አርፋ ነበር።

ከቀብሩ በኋላም መብራት ሲጠፋ ጎረቤቶች ስልካቸውን ይዘው መጡ። አዲስ ቀበቶ አስገብቶ ሞላላቸው። ሲያመሰግኑት ግን ቀና ብሎ አላያቸውም።