በባልዲ የተበጠበጠ ባሕር

እናቴ ባረፈች በወሩ ገደማ አባቴን ሰሚት ወዳለው ኮንዶሚኒየም ቤቴ አመጣኋቸው። ጉልበታቸው ደረጃ እንቢ ስላለ፣ አንዴ አራተኛ ፎቅ ከወጡ ወዲያ መውረድ ቀረ። ቀኑን ሙሉ ሳሎን ተቀምጠው ዓሣዎቼን ያያሉ። ለዓመታት በቧንቧ ውሃ ያኖርኳቸው፣ ብዙም የማያስቸግሩ ወርቅማ ዓሣዎች ነበሩ።

አንድ ቀን ከሥራ ስገባ፣ ቦርሳዬን እንኳ ሳላስቀምጥ፣ «እነዚህ ባሕር አያውቁም አይደል?» አሉኝ።

«አያውቁም አባባ። የባሕር ውሃ ይገድላቸዋል።»

«አዬ» ብለው ወደ ዓሣዎቹ ዞሩ።

አባቴ በወጣትነታቸው አሰብ ወደብ ላይ ክሬን ይነዱ ነበር። ከተማዋን ለቅቀን ስንወጣ እኔ ገና በእቅፍ ነበርኩ። ስለዚያ ከተማ እናቴ ታወራ ነበር እንጂ እሳቸው አያነሱም። እሷ ከሄደች ወዲህ ደግሞ ስለምንም አያወሩም። ያቺ ጥያቄ ከለቅሶው በኋላ በራሳቸው ተነሳስተው የጠየቁኝ የመጀመሪያዋ ነበረች። የጨው ውሃ አኳሪየም ለመሥራት የተነሳሁት ለዚህ ነው።

ወርቅማዎቹን ለጎረቤቴ ሰጠሁ። የባሕሩን ጨው የበረራ አስተናጋጅ የሆነች ጓደኛዬ ከዱባይ በሻንጣዋ ይዛልኝ መጣች። «ሰው ሽቶ ያስመጣል፣ አንቺ ጨው?» እያለች ሳቀችብኝ። ቦሌ ሩዋንዳ አካባቢ ዓሣ የሚሸጥ ሰውዬ ደግሞ ጨው በጥብጦ ወዲያው ዓሣ መጨመር እንደማይቻል ነገረኝ። ድንጋዩና አሸዋው ገብቶ፣ ፓምፑ እየሠራ፣ ቆሻሻውን የሚያጠፉት ባክቴሪያዎች እስኪባዙ ድረስ ውሃው ለሳምንታት ባዶውን መቆየት አለበት።

የተጣራ ውሃ በጀሪካን አስመጥቼ ጨውን በባልዲ መበጥበጥ ስጀምር አባቴ ወንበራቸውን አስጠጉ። እኔ ጨዋማነቱን በመለኪያ ሳይ እሳቸው ጣታቸውን ነክረው ቀመሱ።

«እንዴት ነው?» አልኳቸው።

«ጨው ነው» አሉ። ሌላ ነገር ጠብቄ ነበር።

ባዶው ውሃ ሲዞር እያዩ ሰነበቱ። አንድም ቀን ዓሣው የታለ አላሉም። በመጨረሻ ነጭ መቀነት ያላቸው ሁለት ብርቱካንማ ዓሣዎች ገዛሁ። መጀመሪያ ድንጋዩ ሥር ተደበቁ፣ ከዚያ እየደፈሩ ወጡ። አባቴም ማውራት ጀመሩ። ስለ ሙቀቱ፣ ከቤት ውጭ አልጋ ዘርግቶ ስለማደር፣ እናቴ ከመርከብ የወረደ በረዶ በፎጣ ጠቅልላ ሳይቀልጥ ለመድረስ ስለምትሮጠው ሩጫ። ስሟን ሲጠሩ ሰማሁ።

ከዚያ አንድ ቀን መብራት ጠፋ። የጠፋው ጠዋት እኔ ከወጣሁ በኋላ ስለሆነ ቦሌ ቢሮዬ ተቀምጬ የማውቀው ነገር አልነበረም። አባቴ ደግሞ ስልክ ደውለው ሰው ማስቸገር አይወዱም። አመሻሽ ላይ በሩን ስከፍት ፓምፑ ጸጥ ብሏል። አባቴ በአንድ እጃቸው ግድግዳውን ተደግፈው፣ በሌላው ውሃውን በኩባያ እየቀዱ ከፍ አድርገው መልሰው ያፈሳሉ። እጅጌያቸው እስከ ክርናቸው ርሷል። በዚያ ጉልበት ከመቼ ጀምሮ እንደቆሙ አልነገሩኝም።

«አየር ያገኛሉ ብዬ ነው» አሉ።

አንደኛው ዓሣ በጎኑ ተንሳፍፏል። ሌላው አሸዋው ላይ ተኝቶ አፉን ይከፍታል። ኩባያውን ልቀበላቸው ስል፣ «ይሄኛው አለ እኮ! ተይኝ!» ብለው ጮኹብኝ። በሕይወቴ ጮኸውብኝ አያውቁም። ሌላ ኩባያ አምጥቼ አጠገባቸው ቆሜ አብሬያቸው ቀዳሁ። መብራት ሲመጣ ሁለተኛውም ሞቶ ነበር።

እግራቸው አብጦ ለቀናት አልጋ ያዙ። ሲነሱ ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩት። ሌላ ዓሣ ልግዛ ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ይቅር ልጄ» አሉ። «ነፍስ ያለው ነገር ነው።»

ውሃውን እየቀዳሁ መታጠቢያ ቤት ደፋሁት። ስለ አሰብም፣ ስለ እናቴም ዳግመኛ አላነሱም። እኔም መጠየቅ ፈራሁ። አሁን ታች መንገድ ላይ ሚኒባስ የሚጠብቁትን ሰዎች ሲያዩ ይውላሉ። ስገባ «ደህና ዋልሽ?» ይሉኛል። «ደህና» እልና እራት አቀርባለሁ።