ሳሌ የጠበቀው ጉባኤ

ጌታ ይመስገን! ቅዱሳን፣ ዛሬ ዝም ልበል ብልም አልችልም፤ ጌታ ያደረገልኝን ልናገር። ሃሌ ሉያ ስትሉ ግን ቀስ ብላችሁ፤ ግድግዳው ስስ ነው፣ ጎረቤት ይሰማል።

አዲስ የመጣችሁ አታውቁኝም። እዚሁ አዳማ በርበሬ ወፍጮ ቤት ስሠራ ነው ሳንባዬ ተጎድቶ ይህ ሳል የያዘኝ። ሐኪሙ ራጁን አይቶ፣ «እህቴ፣ ይሄ በሽታ አብሮሽ ይኖራል፤ መድኃኒትሽን አትርሺ፣ ከአቧራ ራቂ» አለኝ። እኔ የሰማሁት ግን «ትሞቻለሽ» ያለኝ ያህል ነው። ወገኖቼ፣ ከሳሉ የባሰብኝ ፍርሃቱ ነበር! ትንፋሼ መንገድ ላይ ይቆማል ብዬ ገበያ መውጣት ተውኩ፣ ለቅሶ መድረስም ቀረ። ምግብ አስጠላኝ። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ስውል እናቴ ከሁሩታ መጥታ፣ «ምነው ልጄ፣ ሳትሞቺ ራስሽን ቀበርሽ እኮ!» አለችኝ። እውነቷን ነበር።

ጎረቤቴ እትዬ ብርሃኔ በድብቅ ወደሚጸለይበት ቤታቸው ጠሩኝ። ሄድኩ። ታውቁ የለ፣ መዝሙሩ በሹክሹክታ ነው፤ ቀበሌ ከሰማ መታሰር ነው። እኔ ገና ስቀመጥ ሳሌ ተነሳ! ሁሉም ዞር ብለው አዩኝ። «በቃ፣ እነዚህን ሰዎች የማሳስር እኔ ነኝ» ብዬ ነጠላዬን አፌ ላይ ጠቅጥቄ ወጣሁ። ዳግመኛ ላልሄድ ማልኩ።

በሳምንቱ እትዬ ብርሃኔ ብርቱካን ይዘው መጡ፤ ከኋላቸው እናንተ! «እትዬ፣ ሳሌ ያስይዛችኋል እኮ!» ብላቸው ሳቁብኝ።

«አንቺ ሞኝ፣ በሽተኛ ሊጠይቅ የመጣን ሰው ማን ያስራል? ከእንግዲህ ጉባኤው እዚህ ነው።»

ክብር ለስሙ! ለማንም አልረባም ስል የኖርኩት እኔ፣ ቤቴ የጌታ ቤት ሆነ! በዚያው ቀን አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ ኢየሱስን ተቀበልኩ።

አንድ ቀን ታዲያ ስንጸልይ አብዮት ጥበቃው በሩን በርግዶ ገባ። «ምን ስብሰባ ነው?» አለ። ልመልስ አፌን ስከፍት ሳሌ ቀደመኝ፤ አልቆም አለ። ሰውዬው መሣሪያውን ትከሻው ላይ መለሰና፣ «አይዞሽ እህቴ፣ እግዜር ይማርሽ» ብሎኝ ወጣ። እግዜር የለም ሲለን የከረመው ሰው! ሃሌ ሉያ! ኧረ ቀስ በሉ አልኩ እኮ!

ሳሉ ዛሬም አለ፤ አልዋሽም። መድኃኒቴንም እወስዳለሁ። ፍርሃቱን ግን ጌታ ወሰደልኝ። እበላለሁ፣ እስቃለሁ፣ ገበያ እወጣለሁ፤ ሲደክመኝ ቁጭ ብዬ አርፌ እቀጥላለሁ። ተመስገን ነው!

አንቺ ጥግ ያለሽው እህቴ፣ ነጠላሽን አፍሽ ላይ የያዝሽው፣ አይቼሻለሁ። በጌታ ታመኚ፤ አያሳፍርሽም። ነጠላሽን አውርጂና እንደ ልብሽ ሳዪ።