በመንገድ ላይ ሦስት እረፍት

መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት የውሃ ቆጣሪ ሲያነብ የኖረ ሰው ነበር። በዕድሜ የምናንሰው ሁሉ ጋሼ ነበር የምንለው። ሥራው ላየው ሰው ቀላል ነው፤ በብስክሌት ከቤት ቤት መዞር፣ ግቢ መግባት፣ የጉድጓዱን የብረት ክዳን ማንሳት፣ ጎንበስ ብሎ ቁጥሩን አይቶ መመዝገብ። ይህን በቀን ሰማንያ ጊዜ መሥራት ምን ማለት እንደሆነ ግን የሚያውቀው ወገብ ብቻ ነው። «ከሰፈሩ ውሻ ሁሉ ጋር ተጣልቼ ኖሬ አንድም ውሻ አልነከሰኝም፤ የነከሰኝ ክዳን ነው» ይል ነበር።

አንድ ጠዋት የአንዲት አሮጊት ግቢ ውስጥ ዝገት የያዘ ክዳን ሲስብ ወገቡ ላይ የሆነ ነገር ቋ አለ። እንደተንበረከከ ቀረ። ሴትዮዋ ደንግጠው ፊቱ ላይ ውሃ ሲረጩበት፣ ራሱን እንዳልሳተ፣ ያቃተው መነሳት ብቻ እንደሆነ በትሕትና አስረዳቸው። ጎረቤት ተጠርቶ ተሸክመው አወጡት። ሐኪሙ በአከርካሪው አጥንቶች መሐል ያለው ልስልስ ነገር ከቦታው መንሸራተቱን ነገረውና ክዳን ማንሳት የሚባል ነገር እንዲያቆም ጻፈለት። ከእኔ አጠገብ ጠረጴዛ የተሰጠው ያኔ ነው። ብስክሌቷን ቤቱ ጓሮ አስደግፎ ተዋት።

መቀመጥ ደግሞ ከማጎንበስ ባሰበት። በየግማሽ ሰዓቱ ተነስቶ ግድግዳ ይዞ ኮሪደሩን ይመላለሳል፤ ተመልሶ በአንድ ጎኑ ይቀመጣል። «ከአለቃችን በላይ የሚያዝህ ወገብህ ሆነ» ብለን እንቀልድበት ነበር። ይስቅልን ነበር እንጂ ሳቁ ከጥርሱ አያልፍም።

በዚህ ላይ ሚስቱ ታመመች። ልብስ ተኳሽ ነበረች፤ ዕድሜዋን ሙሉ ከካውያ ፊት ቆማ የኖረች፣ ቀጭን፣ ነገር አዋቂ ሴት። ልቧ ደክሟል ተባለና ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ያለው ሆስፒታል አስተኟት። ልጃቸው አግብታ ሌላ ከተማ ስለምትኖር በየቀኑ ጠያቂዋ እሱ ብቻ ሆነ። የመጀመሪያውን ሳምንት በአውቶቡስ ሄደ። መንገዱ ጉድጓድ በጉድጓድ ነው፤ አውቶቡሱ በዘለለ ቁጥር ወገቡ ውስጥ ቢላዋ የሚዞር ይመስለዋል። ላብ አጥምቆት ደርሶ የአልጋዋን ብረት ሙጭጭ አድርጎ ሲይዝ ዓይታ፣

«እኔን ልትጠይቅ ነው የመጣኸው ወይስ አልጋ ልትጋራኝ?» አለችው።

በማግስቱ ብስክሌቷን አወጣት። እንደ ድሮው መሪው ላይ ተደፍቶ ነበርና የሄደው፣ ግማሽ መንገድ ሳይደርስ ወርዶ መንገድ ዳር ሣር ላይ በጀርባው ተንጋለለ። መንገደኛ ሰካራም መስሎት እየሸሸው ያልፍ ነበር። ሲሻለው ብስክሌቷን እየገፋ ወደ አንዲት ብስክሌት ጠጋኝ ወሰዳት፤ ባሏ ሲሞት ሙያውን የያዘች ሴት ናት። ሴትዮዋ ከደረጃ ሥር ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው የምትሠራው። ግድግዳ ይዞ ኮርቻው ላይ እንዲወጣ አደረገችውና ከጎን ቆማ ረዘም ላለ ጊዜ አየችው።

«ይቺ የተሠራችው ለመሮጥ ነው፤ እርስዎ ደግሞ መድረስ ነው የሚፈልጉት» አለችው በመጨረሻ።

መሪውን ነቅላ ወደ ጋላቢው በሚታጠፍ ከፍ ባለ መሪ ለወጠችው፤ ክንዱ ሳይለጠጥ፣ ወገቡ ሳይጎብጥ እንዲይዘው። ከሥሩ የሚያነጥር የሽቦ ጥቅል ያለበት ሰፊ ኮርቻ አገባችለት፤ ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበቱ ለጥቂት ሳይዘረጋ እንዲቀር አድርጋ ከፍታውን ወሰነች። ጎማውን ወፈር ባለ ቀየረችና እንደ ድንጋይ እስኪጠጥር አልነፋችውም። ትከሻው ላይ ያንጠለጥላት የነበረችውን ቦርሳ ወስዳ ከፊት ባለው ቅርጫት ውስጥ አስቀመጠችለት። ሦስት ቀን እየተመላለሰ አንዴ አንድ ጣት ዝቅ፣ አንዴ ግማሽ ጣት ከፍ ስታደርግለት ሰነበተች። ከዚያ ሕጉን ነገረችው። ጉድጓድ ሲመጣ ጉልበቱን አጠፍ አድርጎ ከኮርቻው ትንሽ ብድግ ይበል። ከሩብ ሰዓት በላይ አይጋልብ፤ ይውረድ፣ ጥቂት ይራመድ፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ወደ ኋላ ለጠጥ ይበል፣ ከዚያ ይቀጥል። እንደ ተማሪ አስደገመችው።

በአዲሱ አኳኋን የሄደ ዕለት ላብ ሳይነካው ደረሰ። ሚስቱ ከሁለተኛው ፎቅ መስኮት ሲመጣ አይታው ኖሮ፣ ሰልፍ የሚመራ መኮንን መስለሃል ብላ ሳቀችበት። ከዚያ የት የት እንደሚያርፍ ጠየቀችው። መጀመሪያ የትምህርት ቤቱ አጥር ጥግ፣ ቀጥሎ ድልድዩ ላይ፣ መጨረሻ የእንጨት መሸጫው በር ላይ እንደሆነ ነገራት። አንዱንም እንዳይዘል አስማለችው። አንድ ቀን ቸኩሎ ሁለቱን ዘሎ ቢመጣ፣ እጁ ሳያውቀው ወደ ወገቡ ሲሄድ ያዘችው፤ እስኪሄድ ድረስ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ደግሞ አልሞከረውም።

እንዲህ ሰባት ሳምንት ሄደ። የእሱ ወገብ እየተሻለው መጣ። እሷ ግን ከቀን ወደ ቀን እየደከመች ነበር፤ መስኮቱ ጋ መቆሙን ትታ ከአልጋዋ ላይ መጠበቅ ጀመረች።

አንድ ረቡዕ አሥር ሰዓት ላይ ከቢሮ ወጣ። አጥሩ ጋ አረፈ። ድልድዩ ላይ ሲደርስ ዝናብ ጥሎ ስለነበር ወንዙ ሞልቷል። ወርዶ ወገቡን ሲለጥጥ ምንም አላመመውም፤ በሁለት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው ነበር። «ይህንን እስክነግራት» እያለ፣ ውሃውን እያየ ከወትሮው ትንሽ ቆየ። እንጨት መሸጫውም ጋ እንደ ሕጉ አረፈ። ሆስፒታል ሲደርስ አልጋዋ ዙሪያ መጋረጃ ተስቧል። ነርሷ ክንዱን ያዘችው። መቼ ብሎ ሲጠይቃት፣ ገና አሥር ደቂቃዋ ነው አለችው።

ለቀስተኛው ሁሉ እንደ ልማዳችን «ወገብህ ተቆረጠ» እያለ ነበር የሚያለቅስለት። ሌላ ጊዜ ቢሆን እሱ ራሱ የሚቀልድበት አባባል ነው። ያኔ ግን እያንዳንዱን ሰው ቀና ብሎ ያይ ነበር፤ ድልድዩ ላይ መቆየቱን የሚያውቁ መስሎት። ስለ አሥሩ ደቂቃ ለልጁም አልነገራትም። ለእኔ የነገረኝ ከወር በኋላ ነው፤ ፊቱን ወደ መዝገቡ አድርጎ።

«እሷ የሞተችው እኔ ወገቤን ሳሳርፍ ነው» አለኝ።

ቀኗ ስለደረሰ ነው፣ ምናምን አልኩት። እሱ ግን ብስክሌቷን እንደገና ጓሮ ጣላት። በእግሩና በአውቶቡስ መሄድ ጀመረ፤ ሕመሙም ተመልሶ መጣበት። ሐኪም ዘንድ ሂድ ስንለው እንዳልሰማ ያልፈናል። ሕመሙን እንደ ቅጣት የተቀበለው ይመስለኛል።

ሁለት ወር ካለፈ በኋላ ከሆስፒታሉ ተደወለ። መነጽሯና ነጠላ ጫማዋ ሣጥን ውስጥ ቀርተዋል፣ ይውሰድ ተባለ። ሄደ። ከሚስቱ አልጋ ቀጥሎ ዳሌአቸው ተሰብሮ የተኙ አንዲት አሮጊት፣ የድሮ ልብስ ሰፊ፣ እስከዚያን ጊዜም እዚያው ነበሩ። አውቀውት ጠሩት። ተቀመጥ ቢሉት አልተቀመጠም።

ሚስቱ በየቀኑ አሥር ሰዓት ሲሞላ የግድግዳውን ሰዓት እያየች መንገዱን ትነግራቸው እንደነበር አጫወቱት። አሁን ከቢሮ ወጣ፣ አሁን አጥሩ ጋ ወረደ፣ አሁን ተነሳ። እሳቸውም ለምደውት፣ ዝም ስትል የት ደረሰ ብለው ይጠይቋት ነበር።

«ያን ቀንስ?» አለ።

«ያን ቀንም ስትነግረኝ ነበር፣ ልጄ። ድልድዩ ላይ ነው፣ ዛሬ ወንዙ ሞልቶ ይሆናል፣ ትንሽ ቆይቶ ይየው አለች። ከዚያ ትራሱ ላይ ዘንበል አለች። እኔማ እንቅልፍ ወሰዳት ብዬ ነው።»

«አልጠራችኝም?»

«ለምን ትጠራሃለች? አብራህ እየመጣች አልነበረም እንዴ።»

እዚያው የአልጋውን ብረት ይዞ አለቀሰ። በቀብሯ ዕለት እንኳ እንዲህ አላለቀሰም። ሲበቃው አሮጊቷ መሐረባቸውን አቀበሉት።

በማግስቱ ይህንን ሲነግረኝ፣ ቀለለህ ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ሸክሙ እንዳልወረደለት፣ አያያዙ ብቻ እንደተለወጠ ነገረኝ። አሮጊቷን የእህታቸው ልጅ መጥታ እስክትወስዳቸው ድረስ ሁለት ጊዜ ሄዶ ጠየቃቸው። ብስክሌቷንም ወደ ጠጋኟ ወስዶ ጎማዋን አስሞላና ወደ ሥራ በእሷ መምጣት ጀመረ። በሆስፒታሉ መንገድ ግን ከዚያ ወዲያ ሲሄድ አላየሁትም፤ ገበያ እንኳ ሲሄድ በሌላ በኩል ይዞራል።

በዓመቱ በሐኪሞች ቦርድ ጡረታ ወጣና ልጁ ወዳለችበት ከተማ ሄደ። አውቶቡስ ተራ ልሸኘው ሄጄ ብስክሌቷን ጣራ ላይ ስንጭን፣ መሪውን እንዳንነካበት ከሥር ሆኖ ሲቆጣን ነበር። ባለፈው ሰሞን ደወልኩለት። ልጁ ደህና ናት፣ የልጅ ልጅ መጥቷል። ከተማው ዳገት በዳገት ስለሆነ ከሚጋልባት ይልቅ የሚገፋት እንደሚበዛ ነገረኝ። ወገቡን ጠየቅሁት፤ «አለ፣ ተላምደናል» አለኝ።