የሴፋኮን ቅጠሎች ማን ነካቸው?

ሴፋኮ ሞሎያኔ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የሰው ቦርሳ ሲያይ የኖረ ሰው ነው። ብሉምፎንቴን መሀል ከተማ ባለ አንድ ትልቅ ሱፐርማርኬት መውጫ በር ላይ ቆሞ፣ ደረሰኙን ከዕቃው ጋር እያመሳከረ ጡረታ ወጣ። አጥሬ ከአጥሩ ጋር ስለሚገናኝ ደህና አድርጌ አውቀዋለሁ። ሟች ሚስቱ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «እኔን ሲያገባኝም አባቴን ደረሰኝ ጠይቋል» እያለች ታስቀን ነበር።

ያ ሁሉ መቆም ጉልበቱ ላይ ወጣ። ሌሊት ሌሊት ስለማያስተኛው፣ ከሌሶቶ ተራሮች የሚመላለስ ዘመዱ «ይህን ትከል፤ አፍልተህ ትጠጣዋለህ» ብሎ የካናቢስ ዘር ሰጠው። ዐዋቂ ሰው በገዛ ቤቱ ለራሱ ቢተክል ሕጉ ከፈቀደ ቆይቷል፤ እኛ ሰፈር ጓሮ ውስጥ ከቆስጣ አጠገብ የተከለ ሞልቷል። ሴፋኮ ግን ጓሮን አላመነም። አጥሩ አጭር ነው፣ የሰፈሩ ሰው እጁ ረጅም ነው። ስለዚህ ቤት ውስጥ፣ የሚስቱ ቁም ሳጥን ውስጥ ተከለው። ልብሷን ለእህቶቿ አከፋፈለ፤ ቁም ሳጥኑን በብር ወረቀት ለበጠ፤ ከላይ መብራት ሰቀለ፤ ታች አራት የቀለም ባልዲ በሳስቶ አፈር ሞላባቸው።

ቁም ሳጥኑ የቆመው በስስ የችፑድ ጣውላ ለሁለት በተከፈለ ክፍል ውስጥ ነው። ከችፑዱ ግድግዳ ወዲያ ማዶ ተከራይ የሆነችው ኬኔዌ ትኖራለች። አርባ ዓመት ያለፋት፣ የተማሪ ዩኒፎርም የምትሰፋ፣ ሰው ላይ የማትደርስ ሴት ናት። ችፑዱ ጣሪያው ድረስ አይደርስም፤ አናቱ ላይ አንድ ክንድ የማይሞላ ክፍተት አለ። ሴፋኮ ያቺን ክፍተት ወደዳት። ትንሽ ቬንቲሌተር አምጥቶ የቁም ሳጥኑን ሙቀት በመስኮት ወደ ውጭ እንዲገፋ አደረገ፤ በምትኩ የሚገባው አየር በክፍተቱ በኩል ከኬኔዌ ክፍል ይመጣል።

ችግኞቹ አራት ቅጠል እስኪያወጡ ደህና ነበሩ። ከዚያ የታችኞቹ ቢጫ ሆኑ።

«አንድ ሰው ነክቷቸዋል» አለኝ በአጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ።

«ማን ይነካቸዋል?»

«እሱን ነው የማጣራው።»

አንዱን ቅጠል በዳቦ ላስቲክ ጠቅልሎ ወደ ማምፖ ወሰደው። ማምፖ የአውቶቡስ ማቆሚያው ጋ የጎመንና የቲማቲም ችግኝ የምታፈላ፣ ከሴፋኮ ጋር አንድ ክፍል የተማረች ሴት ናት።

«በቀን ስንቴ ታጠጣለህ?» አለችው።

«ጠዋትና ማታ።»

«ልትተክለው ነው ልታሰምጠው? ባልዲውን አንሳው፤ ከከበደህ ተወው፤ ከቀለለህ አጠጣ። ሥሩ እኮ ይተነፍሳል፣ አንተ ሰውዬ!»

ውሃውን ቀነሰ፣ ተክሎቹም አገገሙ። ደግሞ በሁለተኛው ሳምንት የቅጠሎቹ ጫፍ እንደተለበለበ ቡናማ ሆነ። ማምፖ ቅጠሉን አይታ ከመናገሯ በፊት ሳቀች። «የዶሮ ኩስ ስንት ጣሳ ጨመርክ?» ሦስት ጣሳ ነበር የጨመረው። «ይሄ እንግዲህ ሕፃን ልጅ ሥጋ ማብላት ነው» አለችው። በንጹህ ውሃ አጠበው፣ እሱም ዳነ።

ሁለቱም ጥፋት የራሱ እንደነበር ሴፋኮ ሰምቷል፤ ማመን ግን ሌላ ነገር ነው። «ማምፖ የምታውቀው ጎመን ነው» ይለኛል። «እኔ ሰው ነው የማውቀው።»

ሰኔ ገባ፤ እኛ አገር የብርድ ወቅት ነው፤ ጠዋት ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጭ ይሆናል። ያኔ ነው ሦስተኛው ነገር የመጣው። ቅጠሎቹ አረንጓዴ እንደሆኑ፣ አንዳች እጅ ቁልቁል የሳባቸው ይመስል፣ ሁሉም ዘንበል ብለው ተንጠለጠሉ። አፈሩን በጣቱ ነካ፤ ልክ ነው። ባልዲውን አነሳ፤ ልክ ነው። መብራቱን ከፍ አደረገ፤ ምንም። ሰባት ቅጠል መሬት ወድቆ አገኘና ከላይ የቀረውን ቆጥሮ በእስክሪብቶ ጻፈ።

ከዚያ ወጥመድ አጠመደ። ከብሩሹ አንድ ጸጉር መዞ በቁም ሳጥኑ በር ላይ በምራቁ ለጠፈ፤ ወለሉ ላይ ዱቄት ነሰነሰ። ጠዋት ሲያይ ጸጉሩም አልተነካ፣ ዱቄቱም ላይ የእሱ እንጂ የሌላ ዱካ የለም፤ ቅጠሉ ግን ይብሱን አንገቱን ደፍቷል። ሌላ ሰው ቢሆን «እንግዲያ የገባ የለም» ይላል። ሴፋኮ «ዱካ የማትተው ናት» አለ።

«ናት» ያለው በዚያው ሰሞን ኬኔዌን በዓይኑ መከታተል ጀምሮ ስለነበር ነው። በጠዋት የሚጀምረው የስፌት መኪናዋ እስከ ረፋድ ድረስ ዝም ይላል። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል። ውሃ ልትቀዳ ስትሄድ ግድግዳ ትደገፋለች። አንድ ቀን ሰላም ብሏት፣ ነገሩ ሳይገባት ቆማ ካየችው በኋላ ነው የመለሰችለት።

«ቅጠሌን እያጨሰች ነው» አለኝ በሹክሹክታ። «በክፍተቱ እጇን አሾልካ ትቀጥፋለች።»

«ቅጠሉ ከተቀጠፈ የተንጠለጠለው ምንድነው ታዲያ?»

«እንዳይታወቅባት ነዋ! ትንሽ ትንሽ ነው የምትወስደው።»

እሱ ራሱም ተክሎቹ አጠገብ ወንበር ስቦ ሲጠብቅ እየዋለ ራሱን ይፈልጠው ነበር። ከንዴት ነው ብሎ ተወው።

ሐሙስ ዕለት ኬኔዌ ልብስ ልታሰጣ ጓሮ ስትወጣ፣ በሯን ከፍቶ ገብቶ ቦርሳዋን ፈተሸ። ክርና መርፌ፣ የመዝሙር መጽሐፍ፣ የራስ ምታት ክኒን ሁለት ፓኬት። ቦርሳውን እንደያዘ በር ላይ ደረሰች። ጩኸቷ እኔ ቤት ድረስ ተሰማ።

«ምን እየፈለጉ ነው፣ ንታቴ?» እኛ ዘንድ ትልቅ ሰው የሚጠራው በዚህ ነው፤ በተናደደችበት ሰዓት እንኳ ክብሩን አልነፈገችውም።

«ያንቺን ዓይን አይቼዋለሁ! ምን እንደምታጨሺ አላውቅም?»

«እኔ? ሲጋራ ያጨሰ ሰው አጠገብ እንኳ የማልቀመጠው?»

«ታዲያ የሚያንገዳግድሽ ምንድነው? ጸሎት ነው?»

«አሞኝ ነው! አሞኛል! በዚህ ቤት አንድ ሰው እንዴት ነሽ ብሎኝ ያውቃል? እርስዎ ለቅጠልዎ ሐኪም ዘንድ ይመላለሳሉ፤ እኔን ሌባ ይሉኛል!» ቦርሳዋን ከእጁ መነጨቀችው። «ወሩ ሲያልቅ እወጣለሁ። እስከዚያ ደግሞ በዚያች ቀዳዳ እንዳያዩኝ!»

የዚያን ዕለት ከሰዓት ሁለት ብርድ ልብስና የዩኒፎርም ቁርጥራጭ ጠቅጥቃ ክፍተቱን ደፈነችው። ሴፋኮ ከወዲህ ሆኖ ሲጠቀጠቅ ሰማ። ለሱ ይሄም ማስረጃ ነበር፤ የሚደብቀው ያለው ሰው ነው ቀዳዳ የሚደፍን።

ዓርብ ጠዋት ማስረጃውን ይዞ ማምፖ ዘንድ ሄደ። ሁለት ሙሉ ቅርንጫፍ ቆርጦ ነበር።

«ሌባ ይዣለሁ፤ አንቺ ብቻ የሰው እጅ ሥራ መሆኑን መስክሪልኝ» አላት።

ማምፖ በማጉያ መነጽሯ ቅጠሉን ገልብጣ አየችው። «ድር የለ፣ ተባይ የለ። በእጅም የተቀጠፈ አይደለም፤ ራሱ ነው የረገፈ።» ግንዱን በጣቷ ጫን አለች። «ደግሞ አልጠወለገም፣ ሴፋኮ። ንካው፤ ውሃ አለው፣ ጠንካራ ነው። ግን ተጣሟል። የላይኛውም የታችኛውም ነው እንዲህ የሆነው?»

«ሁሉም።»

«የምግብ ጉድለት ቢሆን ከላይ ወይ ከታች ይጀምር ነበር። ይሄ ከአየሩ ነው። አምና ልጄ ለቲማቲሞቼ ውርጭ ፈርታ የላስቲክ ቤቱ ውስጥ የላምባ ማሞቂያ አስገባችልኝ። በሦስተኛው ቀን ሁሉም ልክ እንዲህ አንገታቸውን ደፉ። ጭሱ ነው። ቤትህ ምን ታነዳለህ?»

«እኔ ምንም አላነድም። ብርድ ልብስ ነው የምደርበው።»

«ጎንህ ያለው ክፍልስ?»

ሴፋኮ ሐሙስ ያየውን አስታወሰ። ኬኔዌ የላምባ ማሞቂያ አላት፤ ቦርሳዋን ሲፈትሽ አጠገቡ ነበር፣ የሚነደው ክሩ አርጅቶ ጠቁሯል።

«ራስህን ያምሃል?»

«ተክሉ ጋ ስቀመጥ።»

«ሴትዮዋንስ?»

ዓይኗ ትዝ አለው። ክኒኖቹ ትዝ አሉት። ከዚያ የተጠቀጠቀው ብርድ ልብስ፤ ጭሱ አሁን መውጫ የለውም።

«እዚህ ምን ታደርጋለህ?» ጮኸችበት ማምፖ። «ሂድ እንጂ!»

ታክሲ ውስጥ ሆኖ ለኬኔዌ ደወለ። አታነሳም። በኋላ ሲነግረኝ አንገቱን ደፍቶ ነበር፤ «ያኔም እንኳ ሆን ብላ ነው ብዬ አሰብኩ፤ ተናዳብኝ ነው ብዬ» አለኝ።

ከቀኑ ስድስት ሰዓት ገደማ ስሜን እየጠራ ሲጮህ ሰምቼ ወጣሁ። የኬኔዌ በር ከውስጥ ተቆልፏል፣ የስፌት መኪናው ዝም ብሏል። አጥሩን ዘልዬ መጥረቢያዬን በበሩና በመቃኑ መሀል ሰካሁ፤ ሴፋኮ ያንን ታማሚ ጉልበቱን ይዞ በትከሻው ገፋ። በሩ ሲከፈት የላምባው ሽታ ፊታችንን መታን። የስፌት መኪናዋ ላይ እንደተደፋች ነበረች፤ በግማሽ የተሰፋ የሸሚዝ እጅጌ መርፌው ሥር ተይዟል። ጎትተን ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ አስተኛናት። ከንፈሯ አይንቀሳቀስም። ሴፋኮ «ኬኔዌ! ልጄ! ኬኔዌ!» እያለ ፊቷን ይደባብሳል። ብዙ የቆየ መሰለኝ፣ ከዚያ አስነጠሳትና አስታወከች። የጎረቤት መኪና ሆስፒታል አደረሳት፤ ሦስት ቀን ኦክስጅን ሲሰጧት ቆየች። ሐኪሙ «ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ አትደርሱላትም ነበር» ብሎናል።

እሁድ ብርቱካን ይዞ ጠየቃት። እኔም አብሬው ነበርኩ። አልጋው ጫፍ ላይ ቆሞ፣ ብርቱካኑን ከእጅ ወደ እጅ ያዛውራል።

«ሐኪሞቹ ማን አገኘሽ ብለው ጠየቁኝ» አለችው ኬኔዌ። «ቦርሳዬን የፈተሸው ሰውዬ አልኳቸው።»

«ልክ ነሽ።»

«ባይፈትሹ ኖሮ ያንን ቀዳዳ አልደፍነውም ነበር።»

«አውቃለሁ፣ ልጄ። ከዓርብ ጀምሮ ከሱ ሌላ የማስበው የለም። በድዬሻለሁ።»

ይቅር ብየዎታለሁ አላለችም። ብርቱካኑን ግን ተቀበለችው፤ አንዱን ልጣ ለኔም ሰጠችኝ።

ወሩ ሲያልቅ እንዳለችው ወጣች፤ ቦትሻቤሎ ከተማ እህቷ ዘንድ ገባች። ሴፋኮ ዕቃዋን ጭኖ አደረሰ። ተክሎቹም ዳኑ፤ የተጣመሙት ቅጠሎች ተጣመው ቀሩ፣ አዲሶቹ ግን ቀጥ ብለው ወጡ። ካጨደ በኋላ እያፈላ ሲጠጣ እንቅልፉ ትንሽ ተሻሽሎለታል፤ ጉልበቱ ግን ያው ነው። ክፍሉን ለማንም አላከራየውም።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ ስልኩን አሳየኝ። ኬኔዌ ነበረች የደወለችው። እህቷ ቤት ውስጥም ከዚያው ዓይነት ማሞቂያ አለ፤ እህቷ ደግሞ መስኮት አትከፍትም። «እኔን አልሰማ ብላለች፣ ንታቴ። እርስዎ መጥተው ይንገሯት» አለችው።

በማግስቱ በመጀመሪያው አውቶቡስ አብረን ሄድን። እህትየዋ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ በክፍተቱ አንድ ዓይኗን ብቻ አሳይታ፣ ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

«ደግሞ ይሄ ማነው? ምን ፈልጎ ነው ቤቴን የሚያየው?»

«እኔ የመጣሁት ለማሞቂያው ነው» አለ ሴፋኮ።

«አስገቢያቸው» አለች ኬኔዌ ከውስጥ። «እሳቸው ሳያዩ የሚያልፉት ነገር የለም።»

ማሞቂያው ላይ እስከ ከሰዓት ድረስ ተጨቃጨቁ። በመጨረሻ እህትየዋ እያጉረመረመች ተነስታ መስኮቱን ራሷ ከፈተችው፤ ቀዝቃዛው አየር ገባ፣ ሁላችንም ካፖርታችንን ደረብን።