ከፍተው የዘጉኝ መስሎኝ

ጌታ ይባረክ! ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ይህን ማይክ ስለሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ፤ ጌታ ያደረገልኝን ዛሬ ሳልናገር ብመለስ ቤቴም አያስገባኝ። ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ፤ የሰናይት ባል ነኝ። ያ ውጭ መኪና ውስጥ የሚቀመጠው ሰውዬ! ሳቁ፣ ሳቁ፣ እውነት ነው።

እሑድ እሑድ ባለቤቴን ከምንኖርበት ከሆግቭሊት እስከዚህ ዴን ሃግ ድረስ አመጣት ነበር። እሷ ትገባለች፤ እኔ ወንበሩን ወደ ኋላ አስተኝቼ እቀራለሁ። ዝናቡ መስታወቱ ላይ ይወርዳል፣ መዝሙራችሁ በመስኮቱ ክፍተት ቀስ ብሎ ይገባል፣ እኔም ሳልተኛም ሳልነቃም ከዜማው ጋር እንሳፈፋለሁ። "ግባ እንጂ" ስትለኝ "መኪናውን ማን ይጠብቅ?" እላታለሁ። ጌታ ግን ፓርኪንግ ላይም አልረሳኝም፣ ሃሌ ሉያ!

የምሠራው ወደብ ላይ፣ መጋዘን ውስጥ ነው። በዚያ ብርድ ወቅት ድካም ጣለኝ፣ ፊቴ ገረጣ። "ጨጓራ ነው" አልኩ። የኛ ሰው መቼም ሆዱን ካመመው ጨጓራ ነው! በርበሬ ቀነስኩ፣ ተልባ ጠጣሁ። አንድ ቀን ጎህ ሳይቀድ ከዕቃ ማንሻው ከፎርክሊፍት ስወርድ የፔርኒስ ነዳጅ ማጣሪያ መብራቶች ሁሉ ከመሬት ተነሥተው ወደ ሰማይ ሲሄዱ አየሁ። እንዴት ያምራል እያልኩ ወደቅሁ።

ሆስፒታል በአፌ ካሜራ አስገብተው አዩኝ። ዶክተሩ ረጅም፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። "የጨጓራህ ግድግዳ ላይ ዕጢ በቅሏል፤ የሚደማው እሱ ነው፤ መውጣት አለበት" አለኝ። "በትንንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና መሣሪያ አስገብተን ነው የምንሠራው። ካልሆነልን ብቻ ሆድህን እንከፍታለን።" ጆሮዬ ሰምቷል። ልቤ ግን አዲስ አበባ፣ አጎቴ አልጋ አጠገብ ነበር። አጎቴን ከደረቱ እስከ እምብርቱ ቀደዱት፤ ከዚያ "ከፍተው አይተው ዘጉት" ተባለ። በእኛ ዘንድ ይህ ማለት ተስፋ የለውም ማለት ነው። ብዙም አልቆየም።

ከማደንዘዣው ስነቃ ጣሪያው ጉም ሆኖ ይንሳፈፋል፤ ከሩቅ መርከብ የሚጮህ መሰለኝ። እጄን ልኬ ሆዴን ዳሰስኩ። ትልቅ ፋሻ የለም! ረጅም ስፌት የለም! እዚህም እዚያም ትንንሽ ፕላስተር ብቻ። በቃ፣ አዩትና ተዉት አልኩ።

ሰናይት ገባች። ፊቷ በእንባ ርሷል፣ ጥርሷ ይስቃል። "ወጣ እኮ! ሁሉም ሰላም ነው" አለችኝ። እኛ ለበሽተኛ እንዴት እንደምንደብቅ አውቃለሁ! አጎቴንም "ሁሉም ሰላም ነው" ያልኩት እኔው ነኝ። "እሺ" ብያት ዓይኔን ጨፈንኩ።

ወገኖቼ፣ ዓይኔን ስጨፍን መኪናዬ ውስጥ ነበርኩ። ያው ዝናብ፣ ያው መዝሙር። ሰናይት ወደ በሩ ትሄዳለች፣ ትገባለች፣ በሩ ይዘጋል። ፈራሁ። ሞቱን ብቻ አይደለም፤ ውጭ መቅረቱን ፈራሁ። "ጌታ ኢየሱስ ሆይ፣ እሷን ስንት ጊዜ ወደ ቤትህ አደረስኳት፤ እኔን ማን ያድርሰኝ? ብሞትም ያንተ አድርገኝ" አልኩ። ፈውሰኝ እንኳ አላልኩም፤ ያ አልቋል ብያለሁ። ያን ጊዜ የመኪናው በር ከውጭ ተከፈተ። ሕልም በሉት፣ ማደንዘዣ በሉት፤ እኔ የማውቀው እስከ እግር ጥፍሬ ድረስ ሰላም እንደሞላኝ ነው። ክብር ለስሙ!

ቀኑ ሳይመሽ ዶክተሩ መጣ። "እውነቱን ንገረኝ፤ አይታችሁ ተዋችሁት አይደል?" አልኩት።

"ማን አለህ? እንቁላል የሚያህል ዕጢ ነበር። ቆርጠን፣ በትንሽ ከረጢት ከትተን፣ በእምብርትህ በኩል አወጣነው።"

ወደ ሰናይት ዞርኩ። "አልነገርኩህም?" አለችኝ። የገዛ ሚስቴን ቃል ለማመን የፈረንጅ ምስክር አስፈለገኝ! ቁስሌ እስኪያመኝ ሳቅሁ፣ ከዚያ አለቀስኩ። ጌታ ይመስገን፣ አሁንም ይመስገን!

የዶክተሩን እጅ ጌታ ይባርክ። ዛሬም ለምርመራ ይጠሩኛል፤ በጠሩኝ ቁጥር እፈራለሁ፣ አልዋሻችሁም። ግን ቅዱሳን፣ እኔ ያመንኩት መዳኔን ሰምቼ አይደለም፤ የምሞት መስሎኝ ሳለ ነው። ስለዚህ ምርመራው ምንም ቢል ይህን ሰላም አይወስድብኝም። አንተም ወንድሜ፣ መልስህን ሳትሰማ ታመነው። አንቺም እህቴ፣ ባልሽ አልገባም ቢልሽ ተስፋ አትቁረጪ።

አሁን ልጨርስ። ስገባ ውጭ አንዲት ግራጫ መኪና ውስጥ ወንበሩን አስተኝቶ የተጋደመ ሰው አይቻለሁ። የማን ባል እንደሆነ አልጠይቅም። እናንተ መዝሙሩን ቀጥሉ፤ እኔ ወጥቼ መስኮቱን ላንኳኳ።